ናሽናልስ በብርዱ ወራት፦ ዓመት መግዛት፣ ዓመት መሸጥ

ኖቬምበር 1 ቀን 2025 ቶሮንቶ ላይ የቤዝቦሉ ፍጻሜ የወርልድ ሲሪዝ ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ሲጀመር፣ ለባለሜዳው ብሉ ጄይስ የመጀመሪያዋን ኳስ የወረወረው የ41 ዓመቱ ማክስ ሸርዘር ነበር። ጨዋታው እስከ አሥራ አንደኛው ዙር ተጎትቶ ዋንጫውን የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወሰደው። ለዋሽንግተን ናሽናልስ ደጋፊ ግን ከዚያ ምሽት የሚተርፈው ሌላ ሒሳብ ነው። ሸርዘር ዋሽንግተንን ከለቀቀ አራት ዓመት አልፏል፤ ዋሽንግተን ደግሞ እስከ 2028 ድረስ በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ዶላር ሲከፍለው ይቆያል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን የሰማ ሰው ክለቡን ሞኝ ሊለው ይችላል። አይፈረድበትም፤ ግን ተሳስቷል። በጃንዋሪ 2015 የተፈረመው የሰባት ዓመት፣ የ210 ሚሊዮን ዶላር ውል፣ ግማሹ ቆይቶ እንዲከፈል የተደረገው፣ ናሽናልስ ከፈረሟቸው ትልልቅ ውሎች ምርጡ ነው ብዬ ለመከራከር አላመነታም። ሰውየው በ2016 እና በ2017 የሊጉ ምርጥ ወርዋሪ ተብሎ የሳይ ያንግን ሽልማት ወሰደ። በ2019 ክለቡ እስከ ዛሬ ብቸኛ የሆነውን ዋንጫ ሲያነሳም ሰባተኛውን ጨዋታ የጀመረው እሱ ነበር። የሸርዘር ገንዘብ አያስቆጭም። የሚያስቆጨው ከዚያ ዋንጫ ወዲህ፣ ሜዳው ጭር በሚልባቸው የብርድ ወራት ቢሮ ውስጥ የተወሰነው ነው።

አሁን ያ ቢሮ አዲስ ሰው ገብቶበታል። ናሽናልስ በ2025 ከ162 ጨዋታ 66ቱን አሸንፎ 96ቱን ተሸነፈ። ገና በውድድሩ አጋማሽ፣ ጁላይ 6 ቀን፣ የ2019 ዋንጫ ባለቤት የነበሩት የክለቡ የስፖርት ኃላፊ ማይክ ሪዞና አሰልጣኙ ዴቪ ማርቲኔዝ በአንድ ቀን ተሰናበቱ። በሪዞ ወንበር ከቦስተን ሬድ ሶክስ የመጣው የ35 ዓመቱ ፖል ቶቦኒ ተቀመጠ፤ እሱም ብሌክ ቡቴራ የተባለ የ33 ዓመት ሰው አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረ። ከገዛ አሰልጣኙ በዕድሜ የሚበልጥ ተጫዋች የሚኖረው ክለብ ማለት ነው። ወጣትነታቸው የሚያሳስባቸው አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ እነዚህ ሰዎች ምን ይሸጣሉ፣ ምንስ ይገዛሉ?

ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከሚኖረው ወገናችን ብዙው ቅዳሜ ማለዳ ዓይኑ አርሰናልና ማንቸስተር ላይ ነው። ከዩ ስትሪት ጣቢያ በአረንጓዴው መስመር የተሳፈረ ሰው ባቡር ሳይቀይር የናሽናልስ ሜዳ ደጃፍ ኔቪ ያርድ ይወርዳል፤ የሚወርደው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የቤዝቦል ገበያ ከእግር ኳሱ የሚለይበትን ነገር አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። በእግር ኳስ ገዢው ክለብ ለሻጩ የዝውውር ክፍያ ይከፍላል። በቤዝቦል እንዲህ ያለ ዋጋ የለም። ተጫዋች የሚለወጠው በተጫዋች ነው፤ ገንዘብ ቢጨመርም ማጣጣሚያ ነው። ተጫዋቹም አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም። ውሉ ላይ የእምቢታ መብት ካላስጻፈ፣ ወይም አሥር ዓመት ተጫውቶ የመጨረሻዎቹን አምስቱን በአንድ ክለብ ካላሳለፈ፣ ጠዋት ዋሽንግተን ተነሥቶ ማታ ሲያትል ሊያድር ይችላል። በዚያ ላይ በደመወዝ ላይ ጣሪያ የለም፤ ያለው በ2026 ከ244 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ክለብ የሚቀጣው ግብር ነው። ናሽናልስ አሁን ከዚያ መስመር እጅግ የራቀ ክለብ ስለሆነ ግብሩን እንተወው።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። አንድ ተጫዋች ትልቁ ሊግ ከገባበት ቀን ጀምሮ ስድስት ሙሉ የአገልግሎት ዓመት እስኪሞላ ድረስ የክለቡ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ገደማ ክለቡ የፈለገውን ያህል፣ ማለትም ከዝቅተኛው ደመወዝ እምብዛም ሳያልፍ ይከፍለዋል፤ ዝቅተኛው በ2026 780 ሺህ ዶላር ነው። በቀጣዮቹ ሦስት ዓመታት ካልተስማሙ ወደ ግልግል ዳኝነት ይሄዳሉ። ሁለቱም ወገን አንድ አንድ ቁጥር ያቀርባል፤ ሦስቱ ዳኞች ከሁለቱ አንዱን ይመርጣሉ እንጂ መሐሉን ቆርጠው ማስታረቅ አይፈቀድላቸውም። ስድስቱ ዓመት ሲሞላ ተጫዋቹ ነጻ ይወጣል፣ ገበያው ይከፈትለታል። ይህ ነጻነት ራሱ በ1975 መጨረሻ፣ ፒተር ሳይትዝ በተባለ ገላጋይ ዳኛ ውሳኔ የተገኘ ነው፤ ከዚያ በፊት ክለቡ ተጫዋቹን ዕድሜ ልኩን ይዞ ማቆየት ይችል ነበር።

ክለቦች በዚህ ሰዓት ላይ የሚሠሩት ብልጠት ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። አንድ ሙሉ የአገልግሎት ዓመት 172 ቀን ነው። በ2015 ቺካጎ ከብስ ክሪስ ብራያንትን የውድድሩን የመጀመሪያ ቀናት ታችኛው ሊግ አቆይቶ ስላመጣው 171 ቀን ላይ ቆመ። በአንድ ቀን ጉድለት ክለቡ ሰባተኛ ዓመት አተረፈ። ብራያንት ቢከስስም አልተሳካለትም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር ቀላል ቢሆንም ባለገንዘቦች በየዓመቱ ይዘነጉታል። ብዙ ተጫዋች ትልቁ ሊግ የሚደርሰው በ23 ወይም በ24 ዓመቱ ነው፤ ስለዚህ ነጻ የሚወጣው ሠላሳ ሲጠጋ ወይም ሲያልፍ ነው። አካሉ የሚመረቅለት ደግሞ ከ26 እስከ 29 ባለው ዕድሜ ነው። ገበያ ላይ ታላቅ ስም ይዞ የሚቀርበው ሰው እንግዲህ የተሻለውን ዘመኑን ለሌላ ክለብ በርካሽ ሰጥቶ የመጣ ነው። ገዢው ትናንት ለተሠራ ሥራ ነገ ይከፍላል። ከዚህ የሚያመልጡት በአሥራዎቹ ዕድሜ ትልቁ ሊግ የደረሱ ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ገና በ26 ዓመታቸው ነጻ ይወጣሉ። ዋሽንግተን እንዲህ ያሉ ሁለት ልጆች ነበሯት፤ ብራይስ ሃርፐርና ሁዋን ሶቶ። ሁለቱም ዛሬ የሉም።

ሃርፐር በ2019 መጀመሪያ በ26 ዓመቱ ለ13 ዓመት በ330 ሚሊዮን ዶላር ፊላደልፊያ ገባ፤ በ2021 የሊጉ ኮከብ ተባለ። ናሽናልስ በእሱ ፈንታ ያን የብርድ ወቅት ፓትሪክ ኮርቢን የተባለውን ወርዋሪ በስድስት ዓመትና በ140 ሚሊዮን ዶላር አመጣ። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ኮርቢን በ2019 ሰባተኛ ጨዋታ ከሸርዘር ተቀብሎ አሸናፊው ወርዋሪ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ለዚያ አንድ ምሽት ሲባል ውሉን የሚመርቁ አሉ። በ2022 ግን 19 ጨዋታ ተሸንፎ ከሊጉ ወርዋሪዎች ሁሉ የመጨረሻ ሆነ።

ቀጥሎ የመጣችው የዲሴምበር 2019 ሳምንት በክለቡ ታሪክ ውስጥ ብዙ ልትጠና የሚገባት ናት። ዋንጫው ገና ጠረጴዛ ላይ ነው። የወርልድ ሲሪዙ ኮከብ የ31 ዓመቱ ስቲቨን ስትራስበርግ ቀድሞ የፈረመው ውል ላይ 100 ሚሊዮን ዶላር ቢቀረውም የማፍረስ መብቱን ተጠቅሞ ገበያ ወጥቷል። የ29 ዓመቱ መቺ አንቶኒ ሬንደንም ስድስት ዓመቱን ጨርሶ ነጻ ነው። የክለቡ ባለቤት ማርክ ለርነር ሁለቱን ማቆየት እንደማይችሉ፣ አንዱን ብቻ እንደሚችሉ በግልጽ ተናገሩ። ስትራስበርግ ለሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ተሰጥቶት ቀረ። በሁለተኛው ቀን ሬንደን በትክክል በዚያው ዓመትና በዚያው ገንዘብ ለሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ ፈረመ።

ከዚያ በኋላ ስትራስበርግ በሦስት የውድድር ዘመን የተሰለፈው ስምንት ጨዋታ ብቻ ነው፤ ከትከሻና ከአንገቱ መካከል ያለው ነርቭ ተጨፍልቆበት፣ ቀዶ ሕክምናም ሳያድነው በ2024 ጫማውን ሰቀለ። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ አቁሞ «የተሳሳተውን ሰው መረጡ» ይላል። ይህ ፍርድ አይስማማኝም። ሬንደንስ ምን ሆነ? ከ2020 እስከ 2025 ቡድኑ ካደረጋቸው 870 ጨዋታዎች የተሰለፈው በ257ቱ ነው፤ በአንድ ዓመት ከ58 ጨዋታ አልፎ አያውቅም፣ በ2025 ደግሞ አንድም አልተጫወተ። ለርነር ሌላውን ቢመርጡም ኖሮ ገንዘቡ ያው ጉድጓድ ውስጥ ይገባ ነበር። ጉዳት ዕድል ነው፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ያለፈው ወርዋሪ ላይ ሰባት ዓመት ሲጫን ዕድሉ ወዴት እንደሚያጋድል ቢሮው ያውቃል። ለምስጋና የተፈረመ ውል ነበር። የ26 ዓመቱን ልጅ ሸኝቶ የ31 ዓመቱን ሰው በዋንጫ ሙቀት ያቆየ ክለብ፣ ዓመቶቹን የገዛው ከተሳሳተው ጫፍ ነው።

ሶቶ ላይ የሆነው ደግሞ ግማሽ ጥበብ፣ ግማሽ ውርደት ነው። በ2022 ክለቡ የ15 ዓመት፣ የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አቀረበለት። የ23 ዓመቱ ልጅ እምቢ አለ። ያኔ ብዙዎች ጠገበ አሉት። በዲሴምበር 2024 ኒው ዮርክ ሜትስ በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር ሲፈርምለት ማን እንደተሳሳተ ታወቀ። ይሁንና እምቢታው ከተሰማ በኋላ ሪዞ ያደረገው ነገር ሊመሰገን ይገባዋል። ነጻ እስኪወጣ ሁለት ዓመት ተኩል ሲቀረው፣ ኦገስት 2 ቀን 2022፣ ሶቶን ከጆሽ ቤል ጋር ለሳን ዲዬጎ ሰጥቶ ሲ ጄ አብራምስን፣ ማኬንዚ ጎርን፣ ጄምስ ዉድንና ሌሎች ሦስት ተጫዋቾችን ወሰደ። ሳን ዲዬጎ የዘር እህሉን አውጥቶ ደገሰ። ድግሱ የደመቀው ለአንድ ዓመት ነበር፤ ሶቶም ቆይቶ ለያንኪስ ተላለፈ።

የዋሽንግተንን ድርሻ በዓመት እንቁጠረው። አብራምስ እስከ 2028፣ ጎር እስከ 2027፣ ዉድ እስከ 2030 የክለቡ እንዲሆኑ ነበር የመጡት። ሁለት ዓመት ተኩል ሰጥቶ ይህን ያህል የሰበሰበ ክለብ ጥቂት ነው። ሦስቱም ለኮከቦች ጨዋታ ተመርጠዋል፤ አብራምስ በ2024፣ ሌሎቹ በ2025። ታዲያ ይህን ሁሉ ይዞ 96 ጨዋታ መሸነፍ ምን ይሉታል? መልሱ በዙሪያቸው ያለው ባዶነት ነው። በ2025 የናሽናልስ ተቀያሪ ወርዋሪዎች ከሊጉ ሁሉ በከፋ ሁኔታ ነጥብ ተቆጥሮባቸዋል፤ አንደኛው ቤዝ ላይ የመጣው ናትናኤል ሎው ኦገስት ላይ ተባረረ። ታችኛው ሊግ ያሉ ታዳጊዎችን አሳድጎ ማምጣት ላይም ክለቡ ለዓመታት ደካማ ነበር። ቶቦኒን ከቦስተን ያመጡትም ለዚህ ይመስለኛል፤ ሬድ ሶክስ ሰሞኑን በወጣት መቺዎቹ የታወቀ ክለብ ነው።

የብርዱ ወራት ሥራ ከታላላቆቹ ስሞች ይልቅ በጥቃቅን ውሳኔዎች ይሞላል። ጋዜጦች የሚዘግቡት ዲሴምበር ላይ የሚደረገውን ትልቁን ስብሰባ ቢሆንም፣ ኖቬምበር ላይ የሚያልፉት ቀነ ገደቦች አይናቁም። እያንዳንዱ ክለብ አርባ ስም የሚይዝ መዝገብ አለው። ለአራት ወይም ለአምስት ዓመት ታችኛው ሊግ ቆይቶ በዚህ መዝገብ ያልሰፈረ ታዳጊ፣ ዲሴምበር ላይ ሌላ ክለብ በ100 ሺህ ዶላር ሊወስደው ይችላል። ግን ወሳጁ ዓመቱን ሙሉ ትልቁ ቡድን ውስጥ ማቆየት አለበት፤ ካልቻለ መልሶ ለባለቤቱ ያቀርባል። ናሽናልስ በ2023 መጨረሻ ናሲም ኑኜዝን ከማያሚ የወሰደው በዚህ መንገድ ነው። ፈጣኑ ልጅ 2024ን በአብዛኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ አልፎ አልፎ ለሩጫ እየተነሣ አሳለፈ። አንድ የተጫዋች ቦታ ለዓመት ታስሮ የተከፈለበት ግዢ ነው። ለዋንጫ የሚጫወት ክለብ አይደፍረውም፤ ለተሸናፊ ክለብ ግን ርካሽ ነው። ቶቦኒም ቢሞክረው የሚከስረው ነገር የለም።

ከጥቃቅኖቹ ሁሉ ይልቅ የክለቡን ጠባይ የሚያሳየኝ የካይል ፊነጋን ታሪክ ነው። በ2024 ጨዋታ የሚዘጋ ወርዋሪ ሆኖ 38 ድል ጠብቆ ለኮከቦች ጨዋታ ተመረጠ። ኖቬምበር ላይ ግን ናሽናልስ የግልግል ዳኛ የሚፈርድለትን ደመወዝ ፈርቶ ውል ሳያቀርብለት ለቀቀው። ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ፣ ፌብሩዋሪ 2025፣ ያንኑ ሰው በአንድ ዓመትና በ6 ሚሊዮን ዶላር መልሶ አመጣው። ጁላይ ላይ ለዲትሮይት ሰጥቶ ሁለት ወጣት ወርዋሪዎች ተቀበለበት። ብልጠቱን አደንቃለሁ። የሰውየውን የብርድ ወራት ሳስብ ግን አድናቆቴ ይቀዘቅዛል፤ የሊጉ ኮከብ ተብሎ ሦስት ወር ቤቱ ሥራ አጥ ሆኖ መቀመጥ ቀላል አይደለም።

ወደ ትልቁ ጥያቄ ስመጣ፣ ከ2025 ውድድር በኋላ ጎር መሸጥ አለበት ብዬ አምን ነበር፤ ከጸደይ በፊት። የግራ እጁ ወርዋሪ በ2025 185 መቺዎችን ኳስ አሳጥቶ መልሷል። አምስት አሸንፎ አሥራ አምስት መሸነፉ ከራሱ ይልቅ የቡድኑ ነውር ነው፤ ምንም እንኳ ከኮከቦቹ ጨዋታ በኋላ እሱም ቢደክም። ቀድሞ በጁላይ ቀነ ገደብ ክለቡ ሳይለቀው ቀረ። ከዚያ የቀረው ሁለት ዓመት ነበር። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ናሽናልስ ለዋንጫ ይደርሳል ብሎ በቅንነት የሚናገር ሰው አላገኘሁም። እንግዲህ የጎር ዓመታት ለዋሽንግተን ጌጥ ነበሩ፤ ለሚፎካከር ክለብ ግን ወርቅ። የወርዋሪ ክንድ ደግሞ ተከማችቶ የሚቆይ ሀብት አይደለም፤ አንድ የክርን ጅማት ቢበጠስ ዓመት ተኩል አብሮ ይሄዳል። በምትኩ የሚመጡት 19 ወይም 20 ዓመት የሆናቸው ልጆች ምን እንደሚሆኑ አይታወቅም፣ ግማሾቹ ሳይደርሱ ይቀራሉ። ቢሆንም ከድራፍት፣ ማለትም ከታዳጊዎች ዓመታዊ ምርጫ፣ አንደኛ ሆኖ ተመርጦ በ17 ዓመቱ ከመጣው ኢላይ ዊሊትስ ጋር አንድ ላይ የሚያድጉት እነሱ ናቸው።

ዉድ ላይ የምለው ተቃራኒውን ነው። ከዋሽንግተን አጠገብ ሜሪላንድ ያደገው ልጅ በ2025 31 ሆም ረን መታ፤ 221 ጊዜም ኳስ ስቶ ወጣ፣ ይህም ከሊጉ የምንጊዜም ክብረ ወሰን በሁለት የሚያንስ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ላይ ውል ማስረዘም የሚገባው ገና ያልተሟላ ሳለ ነው። ቶቦኒ ይህን በዓይኑ አይቷል፤ ቦስተን ሳለ ክለቡ ኦገስት ላይ የ21 ዓመቱን ሮማን አንቶኒን በስምንት ዓመትና በ130 ሚሊዮን ዶላር አስሮታል። አደጋውንም አይቷል፤ ያው ቦስተን ኤፕሪል ላይ በስምንት ዓመት 60 ሚሊዮን የፈረመለት ክሪስትያን ካምቤል ጁን ላይ ታችኛው ሊግ ተመልሷል። ዋሽንግተንም በ2023 ለኳስ ተቀባዩ ኪበርት ሩይዝ ስምንት ዓመትና 50 ሚሊዮን ሰጥቶ እስካሁን ፍሬውን አላየም። የሩይዝ ኪሳራ ግን በዓመት ስድስት ሚሊዮን ገደማ ነው፤ የስትራስበርግ ኪሳራ በዓመት 35 ሚሊዮን ነበር። በወጣት ላይ መሳሳት እንዲህ ይለያል።

ችግሩ የዉድ ወኪል ስኮት ቦራስ መሆኑ ነው። ሃርፐርን፣ ስትራስበርግን፣ ሬንደንን፣ ሶቶን ያደራደረው ያው ሰው። ደንበኞቹን ገበያ ማድረስ የሚወድ ሰው ስለሆነ ዋጋው አንቶኒ ላይ እንደማይቆም ይታወቃል። ይቁም አይቁም፣ ናሽናልስ አሁን መጠየቅ አለበት። ለሶቶ የተጠየቀው ዘግይቶ ነበር።

እዚህ ላይ ትዕግሥት የሚባለውን ቃል የምጠረጥርበት ምክንያት አለኝ። በየዓመቱ «እየገነባን ነው» የሚል ክለብ በርካሽ ቡድን ትኬት መሸጥ ሊለምድበት ይችላል። የሊጉ ሕግ ራሱ ይህን ለመግታት ትልቅ ገበያ ያለውን ክለብ በተከታታይ ዓመታት ለሽንፈቱ ቀዳሚ የድራፍት ምርጫ እየሰጠ አይክሰውም፤ ናሽናልስ በ2025 የአንደኛነቱን ዕጣ ስላገኘ፣ በ2026 ድራፍት ምንም ያህል ቢሸነፍ ከአሥረኛው በፊት መምረጥ አይችልም። መሸነፍ ከእንግዲህ የሚያስገኘው ነገር ቀንሷል። የክለቦቹና የተጫዋቾች ማኅበር ስምምነትም ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ያበቃል፤ የደመወዝ ጣሪያ ጉዳይም፣ የስድስት ዓመቱ ሰዓትም ድርድር ላይ ሊቀርቡ ይችላሉ፤ ስለዚህ የዉድን ውል ከዚያ ቀን በፊት መጨረስ ለሁለቱም ወገን ጥርጣሬን ይቀንሳል።

የስትራስበርግ ውል የተጻፈበት የመጨረሻ ዓመትም 2026 ነው። ቶቦኒ እስከዚያ ድረስ ሸጦ፣ ለቅሞ፣ ከሌሎች ክለቦች መዝገብ የወደቀውን አንሥቶ ቢኖር አልወቅሰውም። የ2027ቱን ገበያ በባዶ እጁ ከወጣ ግን ሒሳቡን የሚጠየቁት እሱን የቀጠሩት የለርነር ቤተሰብ ናቸው። በ2022 ክለቡን ለሽያጭ አቅርበው፣ በ2024 «አይሸጥም» ያሉት እነሱ ናቸውና።